ከሰንጠረዡ ዳር የተቀመጠው ቆንሲል

ባለፈው ሰሞን ወደ ምሥራቅ ጎጃም ለጉዳይ ሄደን ሳለ ቁይ ላይ ሁለት ሌሊት ማደር ግድ ሆነብን። ቁይ የደባይ ጥላትግን ወረዳ ዋና ከተማ ናት፤ ከገበያ ቀን በቀር ጸጥታ የሚበዛባት የደጋ ከተማ ናት። በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ በአንድ ሻይ ቤት በረንዳ ላይ ሁለት ጎረምሶች በቆርኪ ዳማ ሲጫወቱ አገኘንና ቆመን ተመለከትን። ተጫዋቾቹ ሁለት ቢሆኑም ጨዋታው የሁለት ሰው አልነበረም። በዙሪያው የቆመው ሁሉ ዳኛም አማካሪም ሆኖ ጣቱን ወደ ገበታው ይሰድዳል፤ አንዱ ወደ ፊት እንዲገፋ ያዝዛል፣ ሌላው ወጥመድ መሆኑን ተናግሮ ይከለክላል፤ የተሸነፈውም ሽንፈቱን ለመካሪው ይሰጠዋል።

ይህን ስናይ በዩኒቨርሲቲ ሳለን ያነበብነው የአንድ እንግሊዛዊ መጽሐፍ ትዝ አለን። ይህ ሰው ከመቶ ሰባ ዓመት በፊት፣ ከዚችው ከቁይ እምብዛም በማይርቀው በእናውጋ ምድር፣ በራስ ዓሊ ሰፈር ውስጥ ሰንብቶ ነበር። የአገራችን ሰዎች ሰንጠረዥ ሲጫወቱ አይተው አጨዋወታቸውን በጽሑፍ ካስቀመጡት ጥቂት የውጭ አገር ሰዎችም አንዱ እርሱ ነው። ስሙ ዋልተር ፕላውደን ይባላል።

ታሪክ የተማረ አንባቢያችን ስሙን ያውቀዋል። ዳሩ ግን አብዛኛውን ጊዜ የምናውቀው በአሟሟቱ ነው፤ ለመቅደላ ዘመቻ መነሻ ከሆኑት ነገሮች አንዱ ተደርጎ በሁለት መስመር ይጠቀስና ይታለፋል። እኛ ደግሞ ዛሬ ስለ ኑሮው፣ ይልቁንም በጎጃም ስላሳለፈው ጊዜ ጥቂት ለማለት አስበናል።

ዋልተር ፕላውደን በ1812 ዓ.ም. ሐምሌ ወር ተወለደ። ገና የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ወጣት ሳለ ወደ ህንድ አገር ሄዶ በካልካታ ከተማ በአንድ የንግድ ድርጅት ውስጥ ተቀጠረ። የጽሕፈት ቤት ኑሮ ግን አልተስማማውም። በ1835 ዓ.ም. ሥራውን ትቶ ወደ እንግሊዝ አገር ለመመለስ ተነሣ። ስዌዝ ሲደርስ ጆን ቤል ከተባለ እንግሊዛዊ ጋር ተገናኘ። ቤል የአባይን ወንዝ ምንጭ ለመመርመር ወደ ኢትዮጵያ ሊሄድ የተዘጋጀ ሰው ነበር። ሁለቱ ተነጋግረው ተስማሙና ፕላውደን የአገሩን መንገድ ትቶ አብሮት ሄደ። በዚያ ቀን ስዌዝ ላይ ባይገናኙ ኖሮ ሁለቱም በኢትዮጵያ አፈር ባልተቀበሩ ነበር፤ ይህን ግን በኋላ እንመጣበታለን።

ሁለቱ ወጣቶች ከምጽዋ ተነሥተው በትግራይና በበጌምድር አልፈው ጎጃም ገቡ። ፕላውደን ከዚያም አልፎ አባይን ተሻግሮ ጉዱሩ ደረሰ። በዚያን ጊዜ የጎጃም የባሶ ገበያ ከአባይ ማዶ የሚመጣው ዝባድ፣ ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስና ቡና የሚገናኝበት ታላቅ ገበያ ነበር፤ የሰው ልጅም እንደ ዕቃ ይሸጥበት ነበር። የነጋዴ ዓይን የነበረው ፕላውደን ይህን ሁሉ አይቶ፣ ይህ ንብረት ሁሉ በሰላም ወደ ባሕር የሚወርድበት መንገድ ቢከፈት ለአገሩም ለኢትዮጵያም የሚበጅ መሆኑን አሰበ። ከዚህች ሐሳብ እስከ ሞቱ ድረስ አልተለየም።

በ1839 ዓ.ም. ገደማ ለእንግሊዝ ንግሥት ለቪክቶሪያ የተላከ ገጸ በረከት ይዞ ወደ አገሩ ጉዞ ጀመረ። መርከቡ በቀይ ባሕር ላይ ተሰብሮ ከሞት ለጥቂት ተረፈ። ለንደን ደርሶ ሐሳቡን ለውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ለሎርድ ፓልመርስተን አቀረበ፤ ሚኒስትሩም ሐሳቡን ተቀብለው በ1840 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የእንግሊዝ ቆንሲል አድርገው ሾሙት። ዕድሜው ሃያ ሰባት ዓመት ነበረ። በዚህ ዕድሜ መዝገብ ቤት ውስጥ ገና ደብዳቤ የሚቆጥሩ ወጣት ሹማምንት ይህን ሲያነቡ ምን እንደሚሰማቸው እንገምታለን፤ ለእኛም የሚሰማን እርሱ ነው።

እንግዲህ የተላከው ወደ የትኛው መንግሥት ነው? ዘመኑ ዘመነ መሳፍንት ነው። በጎንደር ንጉሠ ነገሥት የሚባል አለ፤ ሥልጣኑ ግን ከግቢው ቅጥር አያልፍም። ኃይል ያለው በደብረ ታቦር በተቀመጡት በየጁው ተወላጅ በራስ ዓሊ እጅ ነው። ራስ ዓሊ በዕድሜ ከፕላውደን እምብዛም አይበልጡም ነበር። በትግራይና በሰሜን ደጃዝማች ውቤ አሉ፤ በሸዋ የሣህለ ሥላሴ ልጅ ንጉሥ ኃይለ መለኮት አሉ፤ በጎጃም ደግሞ ደጃዝማች ጎሹና ልጃቸው ደጃዝማች ብሩ አሉ። ሁሉም ጦር አለው፤ ሁሉም የሌላውን ጦር ይጠብቃል።

ስለ ሰንጠረዥ የምንናገረው እዚህ ላይ ነው። አንባቢ ሆይ፣ ዛሬ በየክለቡና በየትምህርት ቤቱ የሚታየውን ቼዝ አታስብ። የአገራችን የጥንቱ ሰንጠረዥ ከዚያ በብዙ ነገር የተለየ ነበር። ገበታው ጥቁርና ነጭ አይደለም፤ ብዙውን ጊዜ ቀይ ጨርቅ ሆኖ ስምንት በስምንት መስመር የተሰመረበት ነው። ንጉሡ በመካከል ይቆማል፤ ከአጠገቡ ፈርዝ የሚባለው አማካሪ አለ፤ ይህም ዛሬ በቼዝ ንግሥት የምትባለው ናት፤ ዳሩ ግን የኛው ፈርዝ በሰያፍ አንድ እርምጃ ብቻ የሚሄድ ደካማ ነበር። ዝሆኑ ፊል በሰያፍ ሁለት ቤት ይዘልላል። ፈረሱ እንደ ዛሬው ነው። በዳር የሚቆመውና በቀጥታ የሚገሠግሠው ደር ከሁሉ የበረታ ነው። ከፊት የተሰለፉት ወታደሮች መደቅ ይባላሉ።

ፕላውደንን ያስገረመው ግን የአጀማመሩ ሥርዓት ነበር። በኤውሮፓ አንዱ ሲያንቀሳቅስ ሌላው ይጠብቃል። በእኛ ሰንጠረዥ ግን ከመጀመሪያው ጀምሮ ሁለቱም ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ፣ በፈለጉት ፍጥነት ጦራቸውን ያንቀሳቅሳሉ። ይህም የጨዋታው ክፍል ወረራ ይባላል። በወረራው ጊዜ ብልህ ተጫዋች እጁ ይፈጥናል፣ ዓይኑ ግን ከጠላቱ አሰላለፍ አይነሣም፤ ወዲያ ማዶ ፈረስ ሲወጣ ካየ የራሱን መልሶ ሌላ አሰላለፍ ይሠራል። አንዱ የሌላውን አንድ መደቅ የበላ እንደ ሆነ ግን ወረራው ያበቃል፤ ከዚያ ወዲያ በተራ በተራ ብቻ ነው። ሪቻርድ ፓንክረስት በ1963 ዓ.ም. ስለዚህ ጨዋታ ባወጡት ሰፊ ጥናት ይህንኑ በዝርዝር አብራርተውታል። በኤውሮፓ የጦር መኮንኖች በገበታ ላይ የዘመቻ ጨዋታ እየሠሩ ትምህርት መቅሰም የጀመሩት በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ በፕሩስያ ነው፤ የኛዎቹ መሳፍንት ግን የክተቱን ወራት የሚመስል ጨዋታ ከዚያ አስቀድሞ በጨርቅ ላይ ሲጫወቱ ኖረዋል።

ሌላም ሥርዓት ነበረው። ንጉሡን በደር ወይም በፈረስ መያዝ ማሸነፍ ቢሆንም እንደ ትልቅ ጥበብ አይቈጠርም፤ ደካማ በሆኑት በፊልና በፈርዝ፣ ይልቁንም በመደቅ የያዘ ግን ይደነቅለታል። በዙሪያው የተቀመጠው መኳንንትና አሽከርም እንደ ቁዩ የዳማ ተመልካች ድምፁን ከፍ አድርጎ ይመክራል፤ መምከሩም ነውር አይደለም። ከፕላውደን አርባ ዓመት ያህል ቀደም ብሎ የትግራዩ ራስ ወልደ ሥላሴ ሰንጠረዥ ሲጫወቱ ሄንሪ ሶልት የተባለው እንግሊዛዊ አይቶ ጽፏል። በመሳፍንቱ ድንኳን ከእራት በኋላ የሚቀርብ ጨዋታ ነበርና።

ፕላውደን ገጸ በረከቱንና ደብዳቤውን ይዞ ወደ ራስ ዓሊ በደረሰ ጊዜ፣ ጎጃም ራሷ በወረራ ላይ ነበረች። ደጃዝማች ብሩ ጎሹ ለራስ ዓሊ አልገዛም ብለው ሶማ በተባለው አምባ ላይ መሽገው ነበር። ራስ ዓሊ ደግሞ ሠራዊታቸውን ይዘው ጎጃም ወርደው ብሩን ከአምባቸው ለማስወረድ ይደክማሉ። ፕላውደንም የራሱን ሰፈር ተከትሎ በጎጃም ደጋ ላይ ከአንዱ ሜዳ ወደ ሌላው ሜዳ ሲዞር ወራት አሳለፈ። ጦሩ ይሰፍራል፤ ይነቀላል፤ እንደ ገና ይሰፍራል። አምባው ግን አልተያዘም። በሰንጠረዥ ቋንቋ ብንናገረው፣ ሁለቱም ወገን ጦሩን ያለ ዕረፍት ያንቀሳቅሳል፤ ለብዙ ጊዜም የሚበላ መደቅ አልተገኘም።

በጨርቁ ላይ ያልነበረ አንድ ሰው ግን ነበር፤ እርሱም ገበሬው ነው። በሰንጠረዥ ንጉሥ አለ፣ አማካሪ አለ፣ ወታደርም አለ፤ የገበሬ ምስል የለም። በእውነተኛው ወረራ ግን ያ ሁሉ ወታደር ደመወዝ ስለሌለው የሚበላው ከገበሬው ጎተራ ነበር። የራስ ጦር በመጣ ጊዜ ወዳጅ ነው ተብሎ ይበላል፤ የብሩ ጦር በመጣ ጊዜ ጠላት ነው ተብሎ ይበላል፤ ለደባይና ለእናውጋ፣ ለእነማይና ለእነብሴ ገበሬ ልዩነቱ ምን ነበር? ፕላውደን በጽሑፉ ይህን ነገር ሳይሸፍን ዘርዝሯል፤ ወታደሩ በባላገሩ ላይ የሚያደርሰውን በደል፣ በመሳፍንቱ ጠብ ምክንያት የሚጠፋውን እርሻና ንግድ አይቶ አዝኗል። እኛም አያቶቻችን ከዚሁ ደጋ የወጡ ስለ ሆኑ፣ ይህን ክፍል ስናነብ ጉዳዩ የመጽሐፍ ብቻ መስሎ አልታየንም።

ውሉ የተፈረመው በዚሁ ዘመቻ መካከል ነው። ጥቅምት 24 ቀን 1842 ዓ.ም. በእናውጋ ሰፈር የእንግሊዝና የኢትዮጵያ የወዳጅነትና የንግድ ውል ለራስ ዓሊ ቀረበ። ውሉ ሁለቱ መንግሥታት መልእክተኛ ወይም ቆንሲል እንዲለዋወጡ፣ ነጋዴዎች ያለ ሥጋት እንዲዘዋወሩ፣ ከባሕር ወደ ውስጥ የሚወስደው መንገድ እንዲከፈት የሚል ነበር። ፕላውደን ለዚህች ቀን ከካልካታ ጀምሮ ስድስት ዓመት ደክሟል። ጸሐፊው አንቀጹን አንድ በአንድ ሲያነብ ግን ራስ ዓሊ ከአጠገባቸው ካሉት ሰዎች ጋር ስለ አንድ ፈረስ ይነጋገሩ ነበር። ንባቡ ሲያልቅ በውሉ ውስጥ ክፉ ነገር እንዳላዩበት፣ ነገር ግን ጥቅሙም እንዳልታያቸው፣ አገሩ በዚህ ሁኔታ ሳለ በአሥር ዓመት ውስጥ እንኳ አንድ የእንግሊዝ ነጋዴ ይመጣል ብለው እንደማያምኑ ተናገሩ። ከዚያም ተስማሙ።

ይህን ታሪክ የሚያነቡ ሰዎች ብዙውን ጊዜ በራስ ዓሊ ይስቃሉ። እኛ ግን ለመሳቅ አልቸኰልንም። አንደኛ፣ ራስ ዓሊ ስለ ነጋዴው የተናገሩት ልክ ነበር፤ የተባለው ንግድ አልመጣም። ሁለተኛ፣ ሶማ ላይ ጠላት ለተቀመጠበት የጦር አዛዥ ከቆንሲል ይልቅ ፈረስ ቢያስጨንቀው ብዙ አይገርምም። የሚያሳዝነው ሌላው ነው። ሳያዳምጡ የተስማሙበት የቆንሲል አንቀጽ ራስ ዓሊ ከሥልጣን ከወረዱም በኋላ ከነሙሉ ፊርማው ለንደን መዝገብ ቤት ውስጥ ቁጭ ብሎ ነበር፤ ለሚቀጥለውም ንጉሥ ጥያቄ ሆኖ ቀረበ።

ምክንያቱም ራስ ዓሊ ሶማን ሲመለከቱ ሌላኛው የገበታው ዳር ባዶ ሆኖ ነበር። ከቋራ የተነሡት ደጃዝማች ካሣ ኃይሉ በኅዳር ወር 1845 ዓ.ም. ጉር አምባ ላይ ደጃዝማች ጎሹን በጦርነት ገደሉ፤ በሰኔም እዚሁ ጎጃም ውስጥ አይሻል ላይ የራስ ዓሊን ሠራዊት ሰበሩ። ራስ ዓሊ ሸሽተው ሥልጣናቸው በዚያው አበቃ። በሚቀጥለው ዓመት ደጃዝማች ብሩም ተማርከው ታሰሩ። በ1847 ዓ.ም. ካሣ በደረስጌ ማርያም ተቀብተው ዐፄ ቴዎድሮስ ተባሉ።

ፕላውደን በዚህ ጊዜ የተሸነፈው ወገን ወዳጅ ሆኖ ተገኘ። ጓደኛው ቤል አስቀድሞ ወደ አዲሱ ንጉሥ ገብቶ ሊቀ መኳስ ዮሐንስ ተብሎ ነበር። ፕላውደንም በዚያው ዓመት ከምጽዋ ወጥቶ ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ተገናኘ፤ ባያቸውም ጊዜ ልቡ ተማረከ። ለአገሩ መንግሥት የላከው መግለጫ ስለ ዐፄ ቴዎድሮስ ከተጻፉት ሁሉ ታላቅ ግምት የሚሰጠው ነው። ወታደሩ በገበሬው ጎተራ መኖሩን እንዲያቆም፣ ገበሬው ወደ እርሻው እንዲመለስ፣ የሰው ንግድ እንዲቀር ንጉሡ የጀመሩትን ሥራ በአድናቆት ዘርዝሮ ጻፈ። በጎጃም ወራት ሙሉ ያየውን ያየ ሰው ይህን ቢያደንቅ ትክክል ነበር።

ውሉን ግን ዐፄ ቴዎድሮስ እንደ ራስ ዓሊ በዝንጉነት አልተቀበሉትም። አንቀጹን ጠየቁ፤ አሰቡበት፤ በግዛታቸው ውስጥ የራሱ ሥልጣን ያለው የባዕድ ቆንሲል መቀመጡን አልፈቅድም አሉ። ወዳጅነቱን ፈለጉ፤ ምጽዋንም ፈለጉ፤ የቆንሲሉን ሥልጣን ግን አልፈለጉም። ስለዚህ ፕላውደን አምስት ዓመት ያህል በንጉሡ አጠገብ የተቀመጠው ንጉሡ ባልተቀበሉት ሥልጣን ሳይሆን በግል ወዳጅነት ነበር። የለንደን መሥሪያ ቤት ወደ ሹመት ቦታው ወደ ምጽዋ እንዲመለስ ደጋግሞ አዘዘው፤ እርሱም ሳይመለስ ቆየ። ጤንነቱም እየደከመ ሄደ።

በመጨረሻ በ1852 ዓ.ም. የካቲት ወር ትእዛዙን ለመፈጸም ከጎንደር ተነሣ። ከከተማው ብዙም ሳይርቅ የንጉሡ ዘመድ ሆኖ የሸፈተው ጋረድ ከነተከታዮቹ አደጋ ጣለበት። ፕላውደን በጦር ተወግቶ ተማረከ። የጎንደር ነጋዴዎች አንድ ሺህ ብር ቤዛ ከፍለው አስለቀቁት። ሕይወቱን ሙሉ ስለ ንግድ የደከመው ሰው በመጨረሻ ከእጃቸው የወጣው ከእነዚህ ነጋዴዎች ነበር። ዘጠኝ ቀን ያህል ታምሞ መጋቢት 5 ቀን፣ በአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ዓመታዊ በዓል ዕለት ጎንደር ላይ ሞተ። ዕድሜው አርባ አልሞላም ነበር።

የቀረውን ሁሉም ስለሚያውቀው አናስረዝመውም። ከጥቂት ወራት በኋላ ዐፄ ቴዎድሮስ ጋረድን በጦር ገጠሙት፤ ቤል ጋረድን ገደለ፤ እርሱም በዚያው ስፍራ ወደቀ። ንጉሡ በሁለቱ ወዳጆቻቸው ሞት ምክንያት በምርኮኞቹ ላይ ያደረሱት ቅጣት እጅግ የከፋ ነበር። በፕላውደን ምትክ የተላከው ቆንሲል ካሜሮን ነው፤ ንጉሡ በ1855 ዓ.ም. ለንግሥት ቪክቶሪያ የጻፉት ደብዳቤ መልስ በማጣቱ የታሰረውም እርሱ ነው። እርሱን ለማስፈታት ሰር ሮበርት ናፒየር አሥራ ሦስት ሺህ ያህል ወታደር ይዘው በዙላ ወረዱ፤ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ የሆነው ሆነ።

የፕላውደን መጽሐፍ የታተመው በዚያው በኤውሮፓ አቆጣጠር 1868 ዓመት ሲሆን፣ ጽሑፎቹን ሰብስቦ ያሳተመው ወንድሙ ትሬቨር ፕላውደን ነው። በመጽሐፉ ውስጥ ስለ ሰንጠረዥ የጻፈው ረጅም አይደለም። ፊል የተባለው ምስል በኛ መሳፍንት ጨርቅ ላይ ለብዙ ዘመን ሲዘልል ቢኖርም፣ ከተጫዋቾቹ መካከል ዝሆን በጦር ሠራዊት ውስጥ ሲሄድ ያየ አንድ እንኳ አልነበረም ለማለት ይቻላል። በዚያ ዓመት ግን ናፒየር ከህንድ ባስመጧቸው አርባ አራት ዝሆኖች ላይ መድፎቻቸውን ጭነው ከዙላ ወደ ደጋው ወጡ።